10 ኪሎ ሜትር 46:30 ላይ ከቆመ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ማራቶን ከ3:30 በታች የሚባለው ሕልም ይቅር?

ዳገት_ላይ | መስከረም 14

ሰላም ለዚህ ቤት። እንዳላንዛዛ ነገሩን በቁጥር ላስቀምጠው።

ሴት፣ 34 ዓመት፣ ነዋሪነት አዲስ አበባ። 10 ኪሎ ሜትር በትራክ 46:30፤ የዛሬ ሁለት ዓመት 47:05 ነበር። ግማሽ ማራቶን ሐዋሳ ላይ 1:51። ልምምድ በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን 8 ኪሎ ሜትር፣ ሁሌ አስፓልት፣ ሁሌ በኪሎ ሜትር 5:20 ገደማ። በየወሩ መጨረሻ አንድ ጊዜ 10 ኪሎ ሜትር በሙሉ አቅም፣ ለውጡን ለማየት። የረጅም ጊዜ ግቡ ማራቶን ከ3:30 በታች ነው።

ሁለት ዓመት ተለፍቶ የተገኘው 35 ሰከንድ። ግቡ ይቀነስ? ልምምዱ ይጨመር? ወይስ ይሄ ሰውነት እዚህ ድረስ ነው?

---

ሂሳብ_ወዳድ | መስከረም 14

"እዚህ ድረስ ነው" ከማለትሽ በፊት ሁለቱን ሰዓቶችሽን ጎን ለጎን አስቀምጫቸው፤ የሚያጋልጡት ነገር አለ።

ሯጮች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። የ10 ኪሎ ሜትር ሰዓትሽን በ2.21 ስታባዢው የግማሽ ማራቶን፣ በ4.6 ስታባዢው የማራቶን ግምት ይሰጥሻል። 46:30 በ2.21 ሲባዛ 1:42:45 ገደማ ነው። አንቺ የሮጥሽው 1:51 ነው። ከ8 ደቂቃ በላይ ጠፍቷል፤ ያውም ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ሆና፣ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,350 ሜትር። ሐዋሳ ላይ አየሩ ሊያግዝሽ ሲገባ ሰዓቱ ተበላሸ። ፍጥነት የጎደለው ሰው የሚያመጣው ውጤት አይደለም ይሄ። እጥረትሽ ያለው ፍጥነትን ይዞ በመቆየት ላይ ነው።

ስለ ከፍታው፦ አዲስ አበባ ላይ የሚሮጥ 10 ኪሎ ሜትር ከባሕር ወለል አካባቢ ከሚሮጠው በግምት ከ4 እስከ 6 በመቶ ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ብዙም በማይርቅ ከፍታ፣ የኦሊምፒክ 10,000 ሜትር አሸናፊ 29:27 ነው የገባው፤ ማሞ ወልዴ ከሰከንድ ባነሰ ልዩነት ሁለተኛ። የዚያ ዘመን የዓለም ክብረ ወሰን 27:39 ነበር። የውድድር ስልትም አለበት፣ ግን አብዛኛው የአየሩ መሳሳት ነው። የአንቺ 46:30 በ5 በመቶ ሲታረም 44:15 ገደማ ይሆናል፤ በ4.6 ሲባዛ 3:23:30። ማለትም ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከ3:30 በታች ለመግባት የሚበቃው ፍጥነት ዛሬም እግርሽ ውስጥ አለ። ስሌቱ ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ይገምታል፦ ለርቀቱ የሚመጥን ልምምድ መሠራቱን። በሳምንት 32 ኪሎ ሜትር አይመጥንም።

---

ዱብዱብ | መስከረም 14

ሂሳቡ ትክክል ነው። እኔ ወደ 5:20ዋ ልምጣ፤ ጥፋቱ እዚያ ነው ያለው።

የ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነትሽ በኪሎ ሜትር 4:39 ነው። ዱብ ዱብ፣ ማለትም ቀላሉ ሩጫ፣ ሊሆን የሚገባው ከዚያ ከ75 እስከ 120 ሰከንድ የዘገየ ነው፤ በአንቺ ቁጥር ከ5:55 እስከ 6:40። 5:20 ለዱብ ዱብ ፈጣን፣ ለቴምፖ (ጠንከር ብሎ ሳይዋዥቅ ለሚሮጠው) ዘገምተኛ ነው። በየቀኑ ያደክምሻል፣ ግን ሰውነት እንዲለወጥ የሚያስገድደውን ያህል አይከብድም። ድካሙ ስለማይለቅሽ ደግሞ ርቀት መጨመር አትችይም። ሁለት ዓመት አንድ ቦታ የሚያስቆመው በአብዛኛው ይሄ መሀል ሜዳ ነው።

አንድ ዓይነት ርቀት፣ አንድ ዓይነት ፍጥነት፣ አንድ ዓይነት መንገድ ሲደጋገም ሰውነት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይለምደዋል። ከዚያ በኋላ ያለችሽን ታስጠብቂያለሽ እንጂ አትጨምሪም።

ሁለተኛው ጥፋት የወር መጨረሻው ፈተና ነው። 10 ኪሎ ሜትር በሙሉ አቅም ከተሮጠ በኋላ እግር ለማገገም ሳምንት፣ አንዳንዴም አሥር ቀን ይፈልጋል። በወር አራት ሳምንት ካለሽ አንዱን ለፈተና፣ አንዱን ለማገገም ሰጥተሽ በሁለቱ ነው የምትለማመጂው። ችግኙ ሥር ይዞ እንደሆነ ለማየት በየወሩ እንደመንቀል ነው።

---

ዳገት_ላይ | መስከረም 15

በ6:30 መሮጥ ከመራመድ በምን ይለያል? እግሬን የምጎትት ነው የሚመስለኝ። ደግሞ ዘገምተኛ ልምምድ ዘገምተኛ ሯጭ አያደርግም?

---

የሰንዳፋ_ጠዋት | መስከረም 15

እህቴ፣ ማራቶን ከ2:10 በታች የሚገቡት ልጆች ሰንዳፋና ሱሉልታ ላይ ዱብ ዱብ ሲሉ ጎናቸው ሆነሽ ወሬ ማውራት ትችያለሽ። በውድድር በኪሎ ሜትር 3 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው ዱብ ዱቡን በ5 ደቂቃ ሲያደርገው ማንም አይገረምም፤ ጫካ ውስጥ ከሆነ ከዚያም ይዘገያል። ከራሳቸው የውድድር ፍጥነት በ2 ደቂቃ ዘገዩ ማለት ነው። አንቺ የምትዘገዪው በ41 ሰከንድ ብቻ ነው። ከእነሱ ይልቅ አንቺ ነሽ የምትቻኮዪው።

እግር እንዳይጎተት ደግሞ እርምጃውን አሳጥሪ እንጂ ፍጥነቱን አትጨምሪ። አስፓልቱን ተዪና ጫካ ግቢ። እንጦጦ ባሕር ዛፉ ውስጥ በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዙ፣ ዳገቱን በአግድም እየቆረጡ መሮጥ የተለመደው ለጌጥ አይደለም፦ መሬቱ ለስላሳ ነው፣ እያንዳንዱ እርምጃ ስለሚለያይ አንድ ጅማት ላይ ጫና አይደጋገምም፣ ፍጥነትም በግድ ይወርዳል። እዚያ ላይ ሰዓትሽ 7:15 ቢያሳይሽ አትደንግጪ። ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ነው፤ ጂፒኤሱም ዛፍ ውስጥ መጠማዘዙን እየቆረጠ ርቀቱን ያሳንሰዋል።

የመሬት አከፋፈል፦ በሳምንት ሁለት ቀን ጫካ ወይም ሣር፣ ሁለት ቀን ኮሮኮንች፣ አንድ ቀን አስፓልት። አስፓልት ጨርሶ አይቅር፤ ማራቶኑ የሚሮጠው እሱ ላይ ስለሆነ ባትና ጭን ሊለምዱት ይገባል።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት እንጦጦ ብቻሽን አትውጪ። ጅቡ ሰው ሲበዛ ይሸሻል፣ ውሻው ግን አይሸሽም። ለውሻ መሮጥሽን አቁሚና ጎንበስ ብለሽ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ሁኚ፤ ድንጋይ ባይኖርም ይሠራል።

---

ፍጥነት_ብቻ | መስከረም 15

ይቅርታ ግን አልስማማም። ሁለት ዓመት የቆመ ሰው የሚያስፈልገው ኢንተርቫል፣ በመሀል እያረፉ በፍጥነት መሮጥ፣ ነው። 10 ጊዜ 400 ሜትር በሳምንት ሁለቴ፣ በስድስት ሳምንት 45 ደቂቃ ትሰብራለች።

---

ዱብዱብ | መስከረም 15

ልትሰብር ትችላለች፤ እሱን አልክድም። ከዚያ በስምንተኛው ሳምንት ወይ ባቷን ይዛ ትቀመጣለች ወይ እዚያው ትቆማለች። በሳምንት 32 ኪሎ ሜትር ብቻ ከሚሮጥ ሰው ላይ 8 ኪሎ ሜትር ኢንተርቫል ስታደርግ ሩቡ በሙሉ ጉልበት ሆነ ማለት ነው። ግቧ ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር አይደለም፣ ማራቶን ነው።

ነገሩ የሚገባን ምኑ በስንት ጊዜ እንደሚለወጥ ስናውቅ ነው። የደም ፈሳሽ መጠን ልምምድ በተጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጨምራል፤ ጀማሪ በመጀመሪያው ወር ቶሎ የሚሻሻለው ለዚህ ነው። ጡንቻ ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያዎች ለመብዛት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይፈልጋሉ። በጡንቻው ዙሪያ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ወራት ይፈጃሉ። አጥንት ራሱን አፍርሶ ለመገንባት ከሦስት እስከ አራት ወር ይወስዳል፤ አስቸጋሪው ደግሞ መጀመሪያ ማፍረሱ ነው። አዲስ ጫና በጀመረ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ አጥንት ከመጠንከሩ በፊት ትንሽ ይዳከማል። ጅማት ከሁሉም ይዘገያል። ልብና ሳንባ "ችያለሁ" ሲሉ ጅማት ገና መንገድ ላይ ነው። ሰው የሚጎዳው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ ርቀት፣ ቀጥሎ ቴምፖ፣ ኢንተርቫል መጨረሻ።

የሳምንት ድምር፦ 32፣ 36፣ 40፣ ከዚያ ወደ 32 መመለስ። 42፣ 46፣ 50፣ ከዚያ 40። 52፣ 54፣ 56፣ ከዚያ 44። አራተኛዋ ሳምንት የምትቀንሰው ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም፤ ግንባታው የሚካሄደው ያኔ ነው። "ደህና ነኝ፣ ልዝለላት" የምትዪው ሳምንት እሷው ናት፤ አትዝለዪያት።

50 ላይ ስትደርሺ ሳምንቱ እንዲህ ይሁን፦

ማክሰኞ 10 ኪሎ ሜትር ዱብ ዱብ፤ መጨረሻ ላይ 6 ጊዜ 20 ሰከንድ ፈጠን ማለት፣ በመሀል አንድ ደቂቃ እርምጃ።
ረቡዕ በድምሩ ወደ 10፦ 2 ኪሎ ሜትር ማሟሟቅ፣ 3 ጊዜ 8 ደቂቃ በ4:55 እና 5:05 መካከል፣ በመሀል 2 ደቂቃ ዱብ ዱብ፣ ከዚያ ማቀዝቀዝ።
ሐሙስ 8 ዱብ ዱብ።
ቅዳሜ 6 ዱብ ዱብ።
እሑድ 16 ረጅም፣ በ6:20 አካባቢ።

ሰኞና ዓርብ እረፍት። ረጅሙ ከሳምንቱ ድምር ሢሶ እንዳያልፍ። ማራቶኑ ሲቃረብ እሑድ ወደ 28 እና 30 ሲያድግ ይህ ሕግ ይላላል፤ ያኔ ግን ከሦስት ሰዓት በላይ አትቆዪ።

---

ፍጥነት_ብቻ | መስከረም 16

እሺ፣ ለማራቶን ከሆነ ተቀበልኩ። ግን ያቺን 6 ጊዜ 20 ሰከንድ እንዳትተዋት። ዱብ ዱብ ብቻ ያበዛ ሰው እግሩ ይደነዝዛል። ቀላል ዳገት ላይ ብታደርጊው ደግሞ ለእግርሽ ይቀልለዋል፤ ዳገት ላይ እግር ሲያርፍ ድንጋጤው ያንሳል።

---

ዳገት_ላይ | መስከረም 16

10 ኪሎ ሜትሩን በየወሩ ካልለካሁ ለውጥ መኖሩን በምን አውቃለሁ? ሳላይ ስድስት ወር መልፋት ይከብዳል። ኅዳር ላይ በታላቁ ሩጫ ልለካው?

---

ሂሳብ_ወዳድ | መስከረም 16

ታላቁ ሩጫን ለደስታ ሩጪው እንጂ ለመለኪያ አይሆንም። በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ሰው መሀል የመጀመሪያው ሁለት ኪሎ ሜትር ትከሻ መጋፋት ነው፤ መንገዱም ዳገትና ቁልቁለት።

መለኪያሽ ይሄ ይሁን። አንድ ሜዳማ መንገድ ምረጪ፣ 6 ኪሎ ሜትር፤ ጃን ሜዳን መዞርም ይሆናል። 2 ኪሎ ሜትር አሟሙቂ። ከዚያ 6ቱን ኪሎ ሜትር የልብ ምትሽን 145 ላይ አስረሽ ሩጪ፤ ከፍ ካለ ቀንሺ፣ ከወረደ ጨምሪ። የምትመዘግቢው የኪሎ ሜትር አማካይ ፍጥነትሽን ነው። በአራት ሳምንት አንዴ፣ በቀላሏ ሳምንት መጨረሻ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ጫማ፣ ቡና ሳትጠጪ። ፈተናው ራሱ ዱብ ዱብ ስለሆነ የማገገሚያ ቀን አይወስድብሽም።

145 ለምን? ለሁሉም አይሆንም፤ ለአንቺ ትክክለኛውን እንዲህ አግኚው። ብቻሽን 30 ደቂቃ የምትችዪውን ያህል ሩጪ፤ የመጨረሻው 20 ደቂቃ አማካይ የልብ ምት ለረጅም ጊዜ ልትይዢው የምትችዪው ጣሪያሽ አካባቢ ነው። የዚያ 85 በመቶ የዱብ ዱብሽ ወሰን ነው። ጣሪያሽ 171 ከሆነ 145 ይመጣል። "220 ሲቀነስ ዕድሜ" የሚለውን ተዪው፤ ከሰው ሰው በ10 እና ከዚያም በላይ ምት ይሳሳታል።

አንድ ወጥመድ፦ የእጅ ሰዓት በቆዳ ላይ የሚለካው ምት አንዳንዴ የልብሽን ትቶ የእርምጃሽን ቁጥር ይቆጥራል። ገና በሁለተኛው ደቂቃ 168 ካሳየሽና ከዚያ ንቅንቅ ካላለ ልብሽ አይደለም፣ እግርሽ ነው። ሰዓቱን ከእጅ አንጓ አጥንት ሁለት ጣት ከፍ አድርገሽ ጠበቅ አድርጊ። ደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ ይሻላል።

መሣሪያ ከሌለ፦ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ትንፋሽ ሳይቆርጥሽ መናገር ከቻልሽ ዱብ ዱብ ነው። ቃላት እየቆራረጥሽ ከሆነ አይደለም።

ምን ያህል ለውጥ ልጠብቅ ካልሽ፣ በወር ከ3 እስከ 10 ሰከንድ በኪሎ ሜትር ጥሩ ነው። አንዳንዱ ወር ዜሮ ይሆናል። ሁለት ወር ተከታትሎ ወደ ኋላ ከሄደ ግን ልምምዱን ሳይሆን እንቅልፍን፣ ምግብንና ደምን ጠርጥሪ።

---

ነርስ_ናት | መስከረም 17

ደም ከተነሳ እኔ ልግባ። ሯጭ ሴት ሆና ሁለት ዓመት የቆመች ሰው መጀመሪያ ልታስመረምር የሚገባት ፌሪቲን ነው፤ የብረት ክምችት ማለት ነው። ሂሞግሎቢን ብቻ አይበቃም። ሂሞግሎቢን ደህና ሆኖ ክምችቱ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ሂሞግሎቢን የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። ለሚሮጥ ሰው ከ30 ገደማ በታች ሲሆን ብዙ የስፖርት ሐኪሞች ዝቅተኛ ነው ብለው ይይዙታል። ጉንፋን ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ባለበት ሳምንት አትመርመሪ፤ ያኔ ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ይላል።

"ጤፍ እበላለሁ፣ ብረት ሞልቶኛል" አይሠራም። ጤፍ ብረት አለው፣ ግን ከእህል የሚገኝ ብረት ቶሎ አይዋጥም፤ ከምግብ በላይ ቡናና ሻይ ከተጨመረበት ደግሞ ይብስ። ምግብ እንደበላን ቡና ማፍላት ባህላችን ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ብታቆዩት ብዙ ነው ለውጡ። ምስር ወይም ጎመን ላይ ሎሚ መጭመቅ ያግዛል።

ኪኒኑን ሳትመረመሪ አትጀምሪ። የሚበዛበትም ሰው አለ፣ ሲበዛ ደግሞ ጉበት ይጎዳል። ሐኪም ካዘዘ ቀን እየዘለሉ መውሰድ በየቀኑ ከመውሰድ የተሻለ እንደሚዋጥና ሆድ እንደማያስቸግር ይታወቃል፤ ጠይቂው። ከ8 እስከ 12 ሳምንት በኋላ ድገሚ።

---

ባለ_ሳልባጅ | መስከረም 17

ስለ ጫማ ማንም አላነሳም። አንድ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። በሳምንት 50 ከሮጥሽ ከ10 እስከ 16 ሳምንት። የሚያልቀው የታችኛው ጎማ ሳይሆን መሀሉ ያለው ስፖንጅ ስለሆነ ከላይ አዲስ መስሎ ሊሞት ይችላል።

ሳልባጅ ስትገዢ፦ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪውና ከኋላ እዪው፤ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ካዘነበለ ተዪው፣ የሌላ ሰው አረጋገጥ ነው የምትወርሺው። የስፖንጁን ጎን እዪ፤ አግድም የተሸበሸበ መስመር ከበዛ አልቋል። በአውራ ጣት ተጫኚው፤ እንደ እንጨት ከሆነ አልቋል፣ ገብቶ ቀስ ብሎ ከተመለሰ አለ። የፊተኛው ክፍል እንደሚጨመቅ ጨርቅ ከተጣመመ አልቋል። ቁጥሩ ከመደበኛ ጫማሽ በግማሽ ቁጥር ይብለጥ፤ በረጅም ሩጫ እግር ያብጣል።

ሁለት ጥንድ አፈራርቂ። በክረምት የረጠበውን ጋዜጣ ሙይበት እንጂ ምድጃ አጠገብ አታድርጊው፤ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ይለቀዋል።

---

ሙዳይ | መስከረም 18

ጾም ላይስ? የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ልምምዱ መሀል ላይ ነው የሚያርፈው።

---

የሰንዳፋ_ጠዋት | መስከረም 18

እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ዱብ ዱብ ብቻ። ቴምፖውን ከበላችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ወደ 11 ሰዓት ተኩል አድርጉት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለሚበላ ረጅሙን ወደ ከሰዓት አዙሩት ወይም በ20 በመቶ አሳጥሩት። በጾም ወራት ርቀት አትጨምሩ፤ የያዛችሁትን አስጠብቁ። ረመዳን ላይም ያው ነው፦ ከባዱ ካፈጠሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ቀላሉ ማፍጠሪያ ሲቃረብ።

ምግቡ ራሱ ችግር የለውም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ አተር፣ ተልባ ሁሉም ያስኬዳሉ። የሚጎድለው መጠኑ ነው። በሁለት ማዕድ ውስጥ የሦስት ማዕድ ምግብ ካልገባ ሰውነት ከጡንቻ ይበላል።

በሶ በሩጫ ዋዜማ ወይም ከሩጫ ሁለት ሰዓት በፊት ጥሩ ነው፦ 4 የሾርባ ማንኪያ ሙሉ በሶ፣ ግማሽ ሊትር ውኃ፣ 2 ማንኪያ ማር፣ ቁንጥር ጨው። ይሄ 60 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ነው። እየሮጡ መጠጣት ግን አይመከርም፤ ገለባው በደንብ ካልተነፋ ሆድ ይቆርጣል። ለመንገድ 3 ማንኪያ ማር በግማሽ ሊትር ውኃ ከቁንጥር ጨው ጋር ይበቃል፤ ወደ 50 ግራም ነው፣ ለአንድ ሰዓት። ወይም ቴምር፤ አንዷ መካከለኛ ቴምር ከ5 እስከ 6 ግራም ናት፣ በሰዓት 8 ገደማ። ከ90 ደቂቃ በታች ለሆነ ሩጫ ውኃ ብቻ።

---

ዱባይ_ማታ | መስከረም 20

ሕልማችሁ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ለመሮጥ ከሆነ ሌላ ነገር ልጨምር። ከአዲስ አበባ መጥቶ ባሕር ጠረፍ የሚሮጥ ሰው የመጀመሪያው 10 ኪሎ ሜትር ላይ "ትንፋሽ ሞልቶልኛል" ብሎ ያብዳል፣ 30ኛው ላይ ይከፍላል። ትንፋሽ ይተርፋል፣ እግርና ሙቀት ግን ምሕረት የላቸውም። ለ3:30 የሚያስፈልገው አማካይ 4:58 ነው፤ የመጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትር በ5:05 ሂዱ፣ ቢቀልላችሁም። የጠፋችው 35 ሰከንድ ናት፤ በቀሪው 37 ላይ በኪሎ ሜትር አንድ ሰከንድ አትሞላም።

እዚሁ ባሕረ ሰላጤው ላላችሁ፦ በበጋ ከ35 ዲግሪ በላይ ከእርጥበት ጋር ሲሆን ፍጥነት አትመልከቱ፣ የልብ ምት ብቻ። በዚያው ምት ፍጥነታችሁ በኪሎ ሜትር ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። ብዙ ልጆች "ወደ ኋላ ተመለስኩ" ብለው በነሐሴ የሚያቆሙት ለዚህ ነው፤ ጥቅምት ላይ አየሩ ሲቀዘቅዝ ግን የተሠራው ሁሉ ይወጣል።

ላባችሁን ለኩ፦ ከሩጫ በፊት ራቁት ተመዘኑ፣ አንድ ሰዓት ሩጡ፣ ተጠራርጋችሁ ተመዘኑ። የቀነሰው እያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ነው፤ የጠጣችሁትን ደምሩበት።

---

ሙዳይ | መስከረም 20

ስለ ጉዳት አንድ ነገር ጻፉ እንጂ፤ ሰው ሕልሙን የሚተወው እዚያ ላይ ነው።

---

ነርስ_ናት | መስከረም 21

አጭር ላድርገው። የቅልጥም ሕመም በጣት ሲነካ ከእጅ መዳፍ በሚሰፋ ቦታ ላይ ከተዘረጋና ሲሟሟቅ ከቀለለ ርቀቱን በግማሽ ቀንሳችሁ፣ ሣር ላይ መቀጠል ይቻላል። አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ካመመ፣ በአንድ እግር ስትዘሉ ከወጋችሁ፣ ሌሊት ከቀሰቀሳችሁ ግን ዛሬውኑ አቁሙ፤ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ራጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላያሳየው ስለሚችል "ራጅ ንጹሕ ነው" ተብሎ አይሮጥም።

የተረከዝ ጅማት ጠዋት ከአልጋ ሲወረድ የሚያም ከሆነ፦ ደረጃ ጫፍ ላይ በጣቶች ቆሞ ተረከዝን ቀስ አድርጎ ማውረድ፤ 3 ጊዜ 15 ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ 3 ጊዜ 15 ጉልበት አጠፍ ብሎ፣ ጠዋትና ማታ፣ 12 ሳምንት። ሰው በሦስተኛው ሳምንት "አልሠራም" ብሎ ይተወዋል። ቀድሞ ያልኩት ነው፣ ጅማት ዘገምተኛ ነው።

ከአምስት ቀን ያልበለጠ እረፍት ምንም አይወስድም፣ ካቆማችሁበት ቀጥሉ። ሁለት ሳምንት ከሆነ የመጀመሪያውን ሳምንት በግማሽ፣ ሁለተኛውን በሦስት አራተኛ።

---

ዱብዱብ | መስከረም 21

ቀድሞ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ግን ይሁን።

---

ፍጥነት_ብቻ | መስከረም 22

ስለ ትዕግስት ከተወራ ትዕግስት አሰፋ ትጠቀስ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ የሮጠችው 800 ሜትር ነው። በ2023 በርሊን ላይ ማራቶን 2:11:53። በመሀሉ ሰባት ዓመት አለ።

---

ሂሳብ_ወዳድ | መስከረም 22

ከእሷ ተሰጥኦ ጋር ራስን ማወዳደር አያስኬድም፤ ከዝግጅት አንጻር ግን የታምራት ቶላ ይበልጥ ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. ለ2024ቱ ፓሪስ ኦሊምፒክ ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ገብቶ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። በመጨረሻ ሰዓት የተጠራ ሰው ያንን የሚያደርገው ልምምዱን እንደሚወዳደር ሰው ሲሠራ ከቆየ ብቻ ነው።

---

ዳገት_ላይ | ጥር 6

ቁጥሮቹን ይዤ መጣሁ። ሳምንቱ አሁን 50 እና 52 ላይ ነው፤ በጾም አልጨመርኩም። ፌሪቲን 19 ወጣ፣ ሐኪም ባዘዘው መሠረት ቀን እየዘለልኩ እየወሰድኩ ነው። የ6 ኪሎ ሜትሩ ፈተና በ145 ምት፦ ጥቅምት 6:52፣ ኅዳር 6:49፣ ታኅሣሥ 6:50፣ ጥር 6:31። ያለፈው እሑድ 20 ኪሎ ሜትር በ6:40፤ የመጀመሪያው ግማሽ አማካይ ምት 141፣ ሁለተኛው ግማሽ በዚያው ፍጥነት 154። አሁን ወደ 24 ላሳድገው?

---

ዱብዱብ | ጥር 6

ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ ሦስት ወር ሙሉ ቆሞ ጥር ላይ 19 ሰከንድ። በድሮው መለኪያ ቢሆን ታኅሣሥ ላይ ትተዪው ነበር። ኮንዲሽን እየገባ ነው።

---

ሂሳብ_ወዳድ | ጥር 6

24 ይቆይ። ከ141 ወደ 154 ማለት 9 በመቶ ነው፤ ሁለቱ ግማሾች ከ5 በመቶ በላይ ከተለያዩ ያ ርቀት በዚያ ፍጥነት ገና አልተያዘም። ሁለት እሑድ 20ውን በ6:55 ድገሚው፣ ከ50ኛው ደቂቃ ጀምረሽ የማር ውኃውን ጠጪ። ልዩነቱ ከ5 በታች ሲወርድ 22፣ ቀጥሎ 24።

ደግሞ አንድ ጥያቄ፦ የጥር ወሩ 6:31 በየትኛው ጫማ ነው?

---

ዳገት_ላይ | ጥር 7

በአዲሱ። አሮጌው 700 አልፎ ነበር።

---

ሂሳብ_ወዳድ | ጥር 7

እንግዲያው ከ19ኙ ሰከንድ ጥቂቱ የጫማው ሊሆን ይችላል። የካቲት ላይ በዚሁ ጫማ ድገሚው፤ ከጥር ጀምረሽ አዲስ ገጽ ክፈቺለት።